ጓሮዬ የገቡት አጋዘኖች በዚህ ሁሉ በረዶ ምን በልተው ይኖራሉ? በቆሎ ልስጣቸው?

ሰላም_ፑላስኪ

ሰላም ቤቶች፣ እንዴት ናችሁ?

ከዳላስ ወደ ኒውዮርክ ከመጣን ይሄ የመጀመሪያው ክረምታችን ነው። ኒውዮርክ ስላችሁ ማንሃተን እንዳይመስላችሁ። ከሲራኪዩስ በስተሰሜን፣ ፑላስኪ አጠገብ ነን። ባለቤቴ ሥራ አግኝቶ ነው እንጂ እኔ በረዶ ወድጄ አይደለም። ሰዎች ስለዚህ በረዷማ ከፍታ «ተግ ሂል ሥር ነው የምትገቡት» ሲሉን ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ገባኝ። ከጥምቀት ወዲህ አንድ ቀን እንኳን በቅጡ አላባራም። የፖስታ ሳጥናችን የት እንደነበረ በግምት ነው የምናውቀው።

ጥያቄዬ ስለ አጋዘኖች ነው። ከጓሯችን ጫፍ ትልልቅ ጥዶች አሉ። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ እዚያ ሥር ተኝተዋል። በረዶው ጀርባቸው ላይ ተከምሮ ንቅንቅ አይሉም። ጆሯቸው ባይንቀሳቀስ ድንጋይ ነው የሚመስሉት። አንዷ ትንሽ ናት፣ የአምናው ግልገል መሰለችኝ። ማታ ማታ ደግሞ ወደ ቤቱ መጥተው ከበሩ ፊት የተተከለውን አረንጓዴ አጥር ይግጡታል። ልጆቼ «እማዬ፣ ርቧቸዋል» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እርሻ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ የ50 ፓውንድ በቆሎ በርካሽ አለ። ባለቤቴ «የጫካ አውሬ ማን ሲቀልበው ኖረ?» ይላል። ልግዛ ወይስ ይቅር? ይሄንን ብርድስ እንዴት ነው የሚችሉት?

አበበች_ቨርጂኒያ

ስጪያቸው እንጂ የኔ እህት! እነሱም እኮ ነፍስ ናቸው። የፈጣሪ ፍጥረት በራፍሽ ድረስ መጥቶ እንዴት ዝም ይባላል?

ፕላው_ነጂው

እህቴ፣ እንኳን ወደ እኛ ሰፈር በደህና መጣሽ። እትዬ አበበች አይቀየሙኝና፣ በቆሎውን እንዳትገዢ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

እኔ እዚሁ ኦስዊጎ ካውንቲ በረዶ ጠራጊ መኪና እነዳለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ያለነው እኔና አጋዘን ነን። ጎጃም ከብት እየጠበቅሁ ስላደግሁ ዓይኔ ከእንስሳ ላይ አይነሳም። እዚህም ከአዳኞችና ከደን ሠራተኞች ጋር ስውል ብዙ ነገር ለቃቅሜያለሁ።

መጀመሪያ ጀርባቸው ላይ የተከመረው በረዶ አያስደንግጥሽ። እንዲያውም የጤና ምልክት ነው። የእነዚህ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘኖች የበጋ ፀጉር ቀላ ያለና ስስ ነው። መጸው ሲገባ ይራገፍና ግራጫው የክረምት ፀጉር ይተካል። እያንዳንዱ ፀጉር ውስጡ ባዶ ነው፣ አየር ይይዛል። ከሥሩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ሱፍ አለ። ሲበርዳቸው ፀጉሩን ያቆሙትና ይወፍራል። የሰውነታቸው ሙቀት ወደ ውጭ ስለማይወጣ ነው በረዶው ጀርባቸው ላይ ሳይቀልጥ የሚያድረው። ከቤትሽ ጣራ ላይ በረዶው ቶሎ ከቀለጠ ማሞቂያሽ ወደ ሰማይ እየወጣ ነው ማለት ነው አይደል? የእነሱ ጣራ አያፈስም።

ሁለተኛው ስንቃቸው ስብ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የኦክ ፍሬ፣ የወደቀ ፖም፣ የእርሻ በቆሎ እየበሉ ይደልባሉ። ክረምት ሲገባ ሰውነታቸው ራሱ ቁጠባ ይጀምራል። በአጥር ውስጥ የሚረቡ አጋዘኖች እንኳን ምግብ ሞልቶላቸው በክረምት የሚበሉትን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ይከሳሉም። ጤነኛ አጋዘን ከክብደቱ አምስተኛውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አጥቶ ለጸደይ ይደርሳል። ስለዚህ ልጆችሽ ያዩት መተኛት ድካም አይደለም። ሥራቸው ነው። ክረምቱን የሚያልፉት ምግብ ፈልገው አይደለም፣ ያላቸውን ላለማባከን ነው የሚለፉት።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ። የእኛ አካባቢ በረዶ የሐይቅ በረዶ ነው። ከካናዳ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ኦንታሪዮ ሐይቅን ሲያቋርጥ እርጥበት ይጠጣል። ከዚያ ተግ ሂል ላይ ይወጣና ያራግፈዋል። ኦንታሪዮ ጥልቅ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይረጋም ማለት ይቻላል። ቡፋሎ ያሉት ዘመዶቻችን ኤሪ ሐይቅ ሲረጋላቸው ትንሽ ያርፋሉ፣ እኛ እስከ መጋቢት አካፋ አንጥልም። በፈረንጆቹ የካቲት 2007 ሬድፊልድ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ 141 ኢንች ወርዶበታል፤ ሦስት ሜትር ተኩል ማለት ነው። ሬድፊልድ ከአንቺ ቤት በመኪና ሩቅ አይደለም።

አጋዘን እግሩ ቀጭን፣ ሰኮናው ሹል ነው። በረዶ ላይ አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል። በረዶው ወደ 20 ኢንች ሲጠጋ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር፣ እያንዳንዱ እርምጃ ዋጋ ያስከፍለዋል። ደረቱ ሲደርስማ መዝለል ነው ያለው፣ ያ ደግሞ ስቡን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ከተግ ሂል አናት ገና በጊዜ ለቀው ወደ ዝቅተኛው ዳርቻ ይወርዳሉ። የሚሄዱት እናቶቻቸው ወደመሯቸው ቦታ ነው፤ ግልገሏ መንገዱን ከእናቷ ተምራ ለልጇ ታሳያለች። ሄምሎክ ወይም ነጭ ሴዳር ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት ጫካ ይመርጡና እዚያ ተሰብስበው ይከርማሉ። ጓሮሽ ጫፍ ያሉት ጥዶች ሄምሎክ ቢሆኑ አይገርመኝም። ቅጠሉ አጭር፣ ጠፍጣፋ፣ ከሥሩ ሁለት ነጭ መስመር ያለው ከሆነ እሱ ነው።

አንድ ጊዜ መኪናዬ ተበላሽቶ ጠጋኝ ስጠብቅ እንዲህ ያለ ጫካ ገብቼ አይቻለሁ። ከመንገዱ ዳር በረዶው ወገቤ ነበር። ሄምሎኮቹ ሥር ስገባ ከጉልበቴ በታች ሆነ፤ የቀረውን ቅርንጫፎቹ ላይ ይዘውታል። ነፋሱም ጸጥ አለ። በመሃሉ ስፋታቸው ከአንድ ጫማ ብዙ የማይበልጥ መንገዶች ይሄዳሉ። ተረግጠው ተረግጠው እንደ አስፋልት ጠጥረዋል። ሁሉም በዚያው ነው የሚመላለሰው፣ አዲስ መንገድ የሚከፍት የለም። የተኙበት ቦታ ሞላላ ጉድጓድ ነው፣ ታቹ በሰውነታቸው ሙቀት ቀልጦ መልሶ በረዶ ሆኗል። ጥቂት ግራጫ ፀጉር ተጣብቆበታል። ከአጠገቡ የሜፕል ችግኞች ጫፋቸው ተበልቷል። ተጠግተሽ ስታዪው የተበላው ጫፍ የተቦጨቀ፣ የተሰነጣጠቀ ነው። አጋዘን እንደ ላም የላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው ይቦጭቃል እንጂ አይቆርጥም። ጥንቸል የበላው ግን በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

በበሉት መጠን ምግቡ ከፍ እያለ ይሄዳል። መጋቢት ላይ ትልቁ አጋዘን በኋላ እግሩ ቆሞ የሚደርስበት ቅርንጫፍ ሁሉ ተመልጧል። ግልገሏ አትደርስበትም። ስለዚህ ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት። ቀጥሎ ትልልቆቹ ወንዶች። በኅዳር ሴት ሲያባርሩ ስባቸውን ጨርሰው ነው ክረምት የሚገቡት። አብዛኛው ሞት በጥር ብርድ አይደለም። ከሁዳዴ አጋማሽ እስከ ፋሲካ ባለው ነው፤ ሰው «ጸደይ መጣ» ብሎ ጃኬት በሚያወልቅበት ሰዓት። ርቦት የሞተ አጋዘን የጭኑን አጥንት ብትሰብሪው ይታወቃል። የደህናው መቅኒ ነጭና ጠጣር ነው። የተራበው ግን ቀይ ነው፣ ይዝለገለጋል። ሰውነቱ የመጨረሻ የሚበላው ስብ የመቅኒው ስለሆነ ነው።

ከብርድ ይልቅ የሚያሰጋኝ ዝናብ ነው። በረዶው ላይ ትንሽ ዘንቦ ሲረጋ ላዩ ቅርፊት ያወጣል። የአጋዘኑ ሰኮና ይበሳውና ይሰምጣል፣ ኮዮት የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ግን ከላዩ ይሮጣል። ያኔ አጋዘን ማምለጥ አይችልም።

በቆሎ ለምን አይሆንም? አንደኛ በኒውዮርክ ሕግ የዱር አጋዘን መመገብ ክልክል ነው። በፈረንጆቹ 2005 እዚሁ ጎረቤታችን ኦናይዳ ካውንቲ የአጋዘን አንጎል የሚበላ በሽታ ተገኝቶ ነበር፤ መድኃኒት የለውም፣ አንድ ቦታ አፍ ለአፍ ገጥመው ሲበሉ ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ በቆሎ የለመደ አጋዘን መጠለያውን ትቶ እየተመላለሰ ስቡን ያቃጥላል፣ መንገድም ያቋርጣል። እኔ ማታ የምፈራው እሱን ነው፤ ያ ትልቅ መኪና ፍሬን ቢይዙት ቶሎ አይቆምም። ሦስተኛ፣ ልጆችሽ ያሳዘነቻቸው ትንሿ ከክምሩ አትደርስም። ትልልቆቹ በሰኮናቸው እየመቱ ያባርሯታል። ስለ ሆዳቸው ደግሞ የሚያውቅ ሰው ቢነግርሽ ይሻላል። @የላም_ሐኪም አለህ?

የላም_ሐኪም

አለሁ ጋሼ። ደብረ ዘይት ነው የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት፣ አሁን ኦሃዮ የወተት ላሞች ጋር እውላለሁ።

አጋዘን ያመሰኳል። ምግቡን የሚፈጭለት በትልቁ ጨጓራው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። በክረምት እነዚህ ተሕዋስያን እንጨትና ቅርፊት ለመፍጨት ተዘጋጅተዋል። ወደ እህል ለመዞር ሳምንታት ይፈልጋሉ። ድንገት በቆሎ ሲያገኝ ሆዱ እስኪነፋ ይበላል፣ ስታርቹ ቶሎ ይቦካና ጨጓራው በአሲድ ይሞላል። አሲዱ የጨጓራውን ግድግዳ ያቃጥላል፣ ወደ ደሙም ይገባል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሲከፈት ሆዱ በበቆሎ ጢም ብሎ ነው የሚገኘው። ገበሬ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ አውድማ የገባች ላም ምን እንደምትሆን ጋሼ ይነግሯችኋል።

ድርቆሽ ልስጥ የምትሉም አላችሁ። እሱም አይሆንም። ሻካራ ድርቆሽ ጨጓራቸው ውስጥ ተከምሮ አይፈጭም። ሆዱ ሞልቶ በረሃብ የሚሞት አለ።

የእርጉዞቹን ነገር ልጨምር። ሴቶቹ በኅዳር ነው የሚያረግዙት። ፅንሱ እስከ መጋቢት ብዙም አያድግም፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ነው ቶሎ የሚገፋው። ያ ደግሞ በረዶው ሄዶ ሣር ከሚበቅልበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይወልዳሉ። ክረምቱ ከረዘመ ግን ግልገሉ ትንሽ ሆኖ ይወለድና ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ የዘንድሮ በረዶ ጉዳት ሰኔ ላይም ይታያል።

መንገደኛው_ሚኒሶታ

እኔ በከባድ መኪና ሰሜን ዊስኮንሲን እመላለሳለሁ፤ እዚያ ክረምቱን በነጥብ ነው የሚይዙት። ከዲሴምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 መሬት ላይ ያለው በረዶ 18 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት ቀን አንድ ነጥብ። ሙቀቱ ዜሮ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች የወረደበት ቀንም አንድ ነጥብ፤ በእኛ አገር ልኬት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ከመጡ ሁለት ነጥብ። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ቀላል ክረምት ነው፣ 100 ካለፈ በጣም ከባድ። የአደን ኮታ ሲወስኑም ያዩታል። ብርዱና በረዶው እኩል ነው የሚቆጠረው፣ ግን የአካባቢው አዳኞች የበረዶውን ነጥብ ነው የሚፈሩት። ጋሼ ያሉት ልክ ነው።

ጥሬ_ሥጋ_ወዳድ

ቤቶች ይቅርታ ግን ማንም አልጠየቀም 😄 ሥጋውስ? ለእኛ ይሆናል?

ፕላው_ነጂው

ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ ሌላውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ግን የአደኑ ወቅት አልፏል፣ ሁዳዴም እየገባ ነው። ደግሞ አሁን ቢገኝም አጥንት ነው፣ ጥቅምት ላይ ነበር መምጣት።

ሰላም_ፑላስኪ

ጋሼ፣ ዶክተር፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጆቼ አነበብኩላቸው። ትልቁ ልጄ ወጥቶ ቅጠሉን አየ፣ ሁለት ነጭ መስመር አለው! ባለቤቴ «አልኩሽ!» እያለ ቤቱን ሞልቶታል።

ሁለት ነገር ብቻ። ልጆቹ «እና ምንም አናደርግም?» ይላሉ። ከጎረቤት ውሾች ደግሞ አንዱ እየመጣ ያባርራቸዋል። ያ የፊት ለፊት አጥርስ? ከታች ተመልጦ አፍሬበታለሁ።

ፕላው_ነጂው

ከውሻው ልጀምር፣ እሱ ነው አስቸኳዩ። ውሻ ከቤቱ በልቶ ጠግቦ ነው የሚወጣው፣ ለጨዋታ ያባርራል፣ ከዚያ እራቱ ጋ ይመለሳል። አጋዘኗ ግን በዚያ ሩጫ ብዙ ስቧን ልትጨርስ ትችላለች፤ የቅርፊት በረዶ ከሆነማ እዚያው ይይዛታል። በሕግም ክልክል ነው። ለባለቤቱ በጨዋ ቋንቋ ንገሩት፣ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ነው። እናንተም ልጆቹን ፎቶ ለማንሳት ወደ ሄምሎኮቹ አትላኳቸው። ተነስተው በሮጡ ቁጥር ሂሳቡ ያው ነው። ከመስኮት ይዩ።

ምንም አናደርግም ለሚሉት ልጆች አንድ ሥራ አለ። ከጫካው ጠርዝ ሊነሳ የሚገባው የሜፕል ዛፍ ካላችሁ አባታቸው አሁን ይቁረጠው። የራሳችሁ መሬት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ከላይ ያለው ለጋ ጫፍና እንቡጥ መሬት ይወርዳል፤ ሆዳቸው የለመደው ምግብ ነው፣ ግልገሏም ትደርስበታለች። እዚህ የእንጨት ቆራጮች መጋዝ ሲጮህ አጋዘን አይሸሽም፣ ይመጣል። ማታ መኪናቸውን አጥፍተው ሲሄዱ አጋዘኖቹ የወደቀው ዛፍ ላይ ናቸው። ሄምሎኩን ግን እንዳትነኩ። ከእስያ የመጣች ነጭ ጥጥ የምትመስል ተባይ በኒውዮርክ ሄምሎክ እየጨረሰች ነው። ከቅርንጫፉ ሥር እንዲያ ያለ ነገር ካያችሁ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አስታውቁ።

አጥርሽ አርቦርቫይቴ የሚባለው ነው፣ ከዚህ ሆኜ እገምታለሁ። እሱ እኮ ነጭ ሴዳሩ ራሱ ነው፤ በክረምት ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ምግብ። ገንዘብ ከፍላችሁ ጎመን በሩ ላይ ተክላችሁ በግ መጣብን እንደማለት ነው 😄 ከታች የተመለጠው መልሶ አያቆጠቁጥም፣ አረንጓዴ የሌለበት አሮጌ እንጨት ቅጠል አያወጣም። ለከርሞ ከበረዶ በፊት በጆንያ ጠቅልሉት ወይም የሽቦ መረብ አቁሙለት። ቁመቱን ግን ከመሬት አትለኩት። በኋላ እግሩ የቆመ አጋዘን ስድስት ጫማ ገደማ ይደርሳል፣ የሚቆመው ደግሞ በተረገጠው በረዶ ላይ ነው። ስለዚህ የካቲት ላይ በረዶው ከሚደርስበት ጀምራችሁ ስድስት ጫማ ጨምሩ። ካስማውን በጥቅምት ትከሉት፣ መሬቱ ከረጋ በኋላ መዶሻ አይገባም።